ሽማግሌ በሚመጣበት ቀን መኪና ማንሳት

ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያነሳሁት ከባድ ነገር ቢኖር ፋይል ነው። ፋይል ስላችሁ ደግሞ ቀላሉን አይደለም፤ አባት የጀመረው፣ ልጅ የወረሰው፣ በሁለት እጅ ታቅፎ ካልሆነ ከመደርደሪያ የማይወርደውን የመሬት ክርክር ማለቴ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ አንድ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ብድግ ብሎ «መኪና ላንሳ» ሲል ምን ያህል ልምድ ይዞ እንደተነሳ እንድታውቁልኝ ነው።

መኪናዋ ነጭ ናት። ነጭ ነበረች ብል ይሻላል። ከእኔ በፊት ብዙ ጌታ አይታለች፤ ሁሉም የየድርሻውን ወስዶባታል፤ አንዱ ሬዲዮዋን፣ አንዱ የጎን መስተዋቷን፣ አንዱ ደግሞ ጠባይዋን። በደባርቅ ብርድ ጠዋት ስትነሳ ጎረቤቱ ሁሉ «ዛሬስ አላደረችም» እስኪል ድረስ ትስላለች። እስካሁን በሕይወት ያቆየቻት ልጄ ማኅሌት ናት።

ስለ ማኅሌት አንድ ነገር መናዘዝ ይኖርብኛል። ልጄ የተማረችው የመኪና ጥገና ነው። ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቃ እዚሁ ከተማችን ጋራዥ ውስጥ ትሠራለች፤ ሥራዋ ይታማል ቢባል ውሸት ነው፤ ሹፌሮች ተሰልፈው የሚጠብቋት እሷን ነው። ታዲያ እኔ አባቷ፣ ሰው «ልጅህ ምን ላይ ናት?» ሲለኝ፣ «ቴክኒክ ተምራ ሥራ ይዛለች» እልና ወዲያው ስለ ዝናቡ አነሳለሁ። ጠያቂው ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ማኅተም የምትመታ ይመስለዋል። እኔም አላርመውም። ይህ መዋሸት አይደለም፤ እኛ መዝገብ ቤቶች «ያልተሟላ መረጃ» እንለዋለን።

በዚያ ሳምንት መኪናዋ አዲስ ድምፅ አወጣች። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከፊት ከቀኝ በኩል ቢላዋ የሚሳል ይመስል ነበር። ማኅሌት አንዴ ዞር ብላ ሰማቻትና የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው አለች። አዲስ ሸራ ከጎንደር አስመጣች። እሁድ እቀይረዋለሁ፣ እስከዚያ መኪናዋን እንዳትነካት ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔም እሺ አልኩ። «እሺ» የምትባለው ቃል ደግሞ በእኔ አፍ ስትወጣ ብዙ ክብደት የላትም።

ችግሩ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ከአምባ ጊዮርጊስ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አንድ መምህር ማኅሌትን ለማግባት ፈልጎ ነው። ልጁን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰላምታ ሲሰጠኝ ከመጠን በላይ ጎንበስ ስላለ ፊቱን በደንብ አላየሁትም። እሷን ስንጠይቃት «ጥሩ ሰው ነው» ከማለት ሌላ አልጨመረችም። ስለ ሞተር ሲሆን ግማሽ ሰዓት የምታወራ ልጅ ስለ ባል ሲሆን ሦስት ቃል ነው ያላት።

የእኛ ቤት ቃል አቀባይ ታላቅ ወንድሜ ጋሽ በላይ ነው። ዳባት ነው የሚኖረው። በሽምግልና ላይ ከእሱ የበለጠ ሥርዓት አዋቂ የለም፤ ቢኖርም እሱ ሰምቶት አያውቅም። ገና ሽማግሌ ሊመጣ ነው ሲባል ስልክ ደውሎ ዕቅዱን አወጣ። በመጀመሪያው ቀን «ዘመድ እናማክር» ብለን እንመልሳቸዋለን። በሁለተኛው «ልጅቱ ገና ናት» ብለን እንመልሳቸዋለን። በሦስተኛው እንሰጣለን። በአንድ ልመና የተሰጠች ልጅ ያላስለቀሰች ሽንኩርት ናት፤ ወጡም አይጣፍጥም አለ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ዳባት ወርጄ በመኪና ላመጣው ተስማማን፤ ጉልበቱ አልታጠፍ ስላለው ሚኒባስ አይሳፈርም። የሚኒባስ ወንበር እንደ ሰንጢ ያጥፈኛል ይላል።

እንግዲህ አስቡት። ፍሬን የሌላት መኪና፣ ዳባት ተቀምጦ የሚጠብቅ ወንድም፣ በስምንት ሰዓት የሚደርስ ሽማግሌ። ሸራውን ማን ይቀይር? ማኅሌት እንዳትቀይር ባለቤቴ ጥሩወርቅ ዐዋጅ አውጥታለች፤ ዛሬ ብረት የሚባል ነገር በእጇ እንዳትነካ። ከዋዜማው ጀምራ የልጅቱን ጥፍር በሎሚ ስታሽ፣ በዘይት ስታሽ፣ በኦሞ ስታሽ፣ ግሪሱን ከነቆዳው ልታነሳው ምንም አልቀራት። ጠዋት ደግሞ ሹሩባ ልትሠራ ከአጥር ማዶ ካለችው ጎረቤታችን ዘንድ ሰደደቻት።

ለምን እኔ አልቀይረውም? አልኩ ለራሴ። ማኅሌት ስትሠራ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ሻይዬን ይዤ። ጎማ ይፈታል፣ አሮጌው ሸራ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ጎማ ይታሰራል። አራት ነገር ነው። ሙሽራ ለማልበስ እንኳ ከዚህ የበለጠ ይፈጃል።

የጥሩወርቅ ሌላው ዐዋጅ ሱፌን እንዳላቆሽሽ ነበር። ስለዚህ ሱፌን አልጋ ላይ አነጠፍኩና የማኅሌትን ሰማያዊ ቱታ ከሚስማር ላይ አወረድኩ። ልጄ ቁመቷን ከእናቷ ወስዳለች፤ ወገቧን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ከእኔ እንዳልሆነ ግን ያን ቀን ተረጋገጠ። እግሩ አንድ ክንድ ያህል ተረፈኝ፤ ሆዱ ደግሞ አልደርስም አለ። ትንፋሼን ውጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ዚፑን እስከ አንገቴ ድረስ ጎተትኩት። ዘጋ። ዘግቶም ቀረ፤ ዚፑ ከዚያ ወዲያ ወደ ታች የሚባለውን መንገድ ረሳው። ደረቴ ላይ በነጭ ክር «ማኅሌት» ተብሎ ተጠልፏል። ማን ያየኛል ብዬ ወጣሁ።

ግቢያችን ወደ በሩ ዘቅዘቅ ያለ ነው። ሌሊት ዝናብ ጥሎበት መሬቱ እንደ ቂጣ ሊጥ ሆኗል። ማኅሌት ሁልጊዜ መኪናዋን ድንጋይ ወደተነጠፈበት ወደ ደልዳላው አውጥታ ነው የምትሠራው። እኔ ግን መኪናዋን ለማስነሳት ቁልፉን ፍለጋ መግባት ታከተኝና እዚያው ባለችበት ክሪኩን ከኋላ ሻንጣዋ አወጣሁ። እዚያው ውስጥ ማኅሌት ከባሕር ዛፍ የጠረበቻቸው ሁለት ታኮዎች አሉ፤ ጎማ ስር ገብተው መኪና እንዳይንሸራተት የሚይዙ። አየኋቸው። እነሱም ያዩኝ መሰለኝ። የእጅ ፍሬን አለ አይደል ብዬ ክዳኑን ዘጋሁት።

ክሪኩን ከስር አስገብቼ ማዞር ጀመርኩ። አዞርኩ፣ አዞርኩ። መኪናዋ ግን አልነሳ አለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከፍ የሚለው መኪናው ሳይሆን ዝቅ የሚለው ክሪኩ ነው፤ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቷል። ከስሩ ጠፍጣፋ ነገር ያስፈልጋል። ወጥ ቤት ገብቼ ጥሩወርቅ ዞር እስክትል ጠብቄ የሽንኩርት መክተፊያዋን አወጣሁ። ጥሩ የወይራ እንጨት ነው፤ የእናቷ ነበር።

በመክተፊያው ላይ ክሪኩ ጸና፤ መኪናዋ ተነሳች፤ ጎማው ከመሬት ለቀቀ። አንድ ሰው ፋይል ብቻ ሲያነሳ ኖሮ መኪና ሲያነሳ የሚሰማው ደስታ ቀላል አይደለም። ዙሪያዬን አየሁ፤ ያየኝ ዶሮ ብቻ ነው፤ እሱም ለዛሬ ድግስ የታሰበ ስለነበር በራሱ ሐሳብ ተይዟል።

ቡሎኑን ልፈታ መፍቻውን ሰካሁና ስጎትት ጎማው አብሮ ዞረ። ወደዚያ ብለው ወደዚያ፣ ወደዚህ ብለው ወደዚህ። ለካ ቡሎን የሚላላው ጎማው መሬት ሳይለቅ ነው። ያን ሁሉ ያዞርኩትን መልሼ አወረድኩ። ቡሎኖቹ ደግሞ በልጄ እጅ የታሰሩ ናቸው፤ በእኔ እጅ የሚፈቱ አልሆኑም። መፍቻው ላይ ቆሜ ዘለልኩ። በየአንዳንዱ ቡሎን ላይ ዘለልኩ። ከአጥር ማዶ ሰው ቢያየኝ እስክስታ የምለማመድ ይመስለዋል። እንደገና አነሳሁ፤ ጎማው ወጣ፤ ተንከባሎም በር ላይ ሄዶ ተኛ። ሦስት ሰዓት የጀመርኩት ሥራ አምስት ሰዓት አልፎት ነበር።

እዚህ ላይ ማኅሌት አንድ ቀን የነገረችኝን ልንገራችሁ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም ትላለች። መኪናው ከተነሳ በኋላ የሚያርፍበት ጽኑ ነገር ከስር ይገባል፤ ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ስር እጅም እግርም አይገባም። ይህን ስትነግረኝ ሻይዬ እየቀዘቀዘ ስለነበር በሙሉ ልብ አልሰማኋትም።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ እግሬን ከብረቱ ግራና ቀኝ ዘርግቼ፣ ገበታ እንደቀረበለት ሰው። ሸራውን አቅፎ የያዘው ብረት በሁለት ቡሎን ነው የታሰረው። አንዱ ተፈታ። ሁለተኛው እምቢ አለ። መፍቻውን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ጥርሴን ነከስኩ፤ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ወደ ራሴ ሳብኩ።

ቡሎኑ አልመጣም። መኪናዋ መጣች።

ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ክሪኩ ሲጮህ፣ ከዚያ ብረቱ ጭቃውን ሲመታ፣ ከዚያ ፀጥታ። ዓይኔን ስገልጥ ጎማው የሚታሰርበት ክብ ብረት፣ የፍሬኑ ዲስክ፣ በሁለቱ እግሮቼ መካከል መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ቀኝ እግሬን ለማንቀሳቀስ ሞከርኩ፤ አልንቀሳቀስ አለ። በዚያች ቅጽበት ያየሁትን አልነግራችሁም፤ እግሬ የሌለ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብዬ ጣቶቼን ጠየቅኋቸው። አምስቱም መለሱ። ዲስኩ የያዘው እግሬን ሳይሆን ከእግሬ የተረፈውን ቱታ ነበር። በእኔና በእሱ መካከል የነበረው አራት ጣት ጨርቅ ነው። ልጄ አጭር ብትሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው በሌላ መንፈስ ነበር።

ልቤ ሲመለስ ነገሩን መረመርኩ። ቱታው ተይዟል። ቱታውን እንዳላወልቅ ዚፑ ተዘግቷል። ዚፑ ቢከፈት ከስሩ ያለው ለሰው የሚታይ ልብስ አይደለም፤ ብርዱን ፈርቼ የለበስኳት ረጅሟ የውስጥ ሱሪ ናት፤ ጉልበቷ ላይ ተጥፋለች። ሰዓቱ ስድስት እየሆነ ነው። ስልኬ አልጋው ላይ በሱፌ ኪስ ውስጥ ይጮሃል። ጋሽ በላይ ነው፤ ሌላ ማን እንደዚያ አቋርጦ ሳይሰለች ይደውላል።

ጥሩወርቅን ተጣራሁ። መጀመሪያ የሰማችው ጥሪዬን ሳይሆን የመክተፊያዋን መጥፋት ነበር፤ «መክተፊያዬን ማን ወሰደው» እያለች ቢላዋ ይዛ ወጣች። አየችኝ። መክተፊያውንም ከመኪናው ስር አየችው፤ ለሁለት ተሰንጥቋል። ለማንኛችን ቀድማ እንዳዘነች እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ግን ወዲያው ፊቷ ተለወጠ፤ ተንበርክካ እግሬን በእጇ ዳሰሰች፤ ደህና መሆኔን ስታረጋግጥ መቆጣት ጀመረች። ቢላዋውን አንስታ ቱታውን ልትቀደው ስትል እጇን ያዝኩ። ማኅሌት የተመረቀችበት ቱታ ነው፤ በእኔ ስንፍና አይቀደድም አልኳት።

ክርክሩ ላይ እያለን በሩ ተንኳኳ።

ጥሩወርቅ የወጥ ቤት ቀሚሷን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ቢላዋውን ጭኔ ላይ ጣለችና ልብሷን ልትቀይር ቤት ገባች። አልፈርድባትም። ሁለታችንም ከምናፍር አንዳችን ብንድን ይሻላል።

በሩ ተገፍቶ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው ጋሽ በላይ ነው፤ ጉልበቱን እየጎተተ፣ ፊቱ እንደ ክረምት ሰማይ ጠቁሮ። ከኋላው ነጭ ጋቢ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ፤ ከእሳቸው ኋላ መስቀላቸውን የያዙ፣ ዓይናቸው የደከመ ቄስ። የአምባ ጊዮርጊስ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ረጅሙ አቶ ዳኘው፣ ቄሱ ደግሞ አባ ወልደ ሥላሴ ይባላሉ። ገበያ ቀን ስለሆነ ሚኒባሱ ቶሎ ሞልቶ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመው ደረሱ። ጋሽ በላይ ደግሞ ደውሎ ደውሎ ሲሰለቸው ዳባት ላይ ያንኑ ሚኒባስ ተሳፈረ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ክፉው ነገር መቀመጫው ነበር፤ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ነበር የተቀመጠው፤ ማን መሆናቸውን ሳያውቅ።

ወንድሜ መንገድ ላይ ዝም ብሎ አያውቅም። ወዴት እንደሚሄድ ነገራቸው። ለምን እንደሚሄድ ነገራቸው። የሚመጡትን ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ምን ብለን፣ በሁለተኛው ምን ብለን እንደምንመልስ፣ በሦስተኛው እንደምንሰጥ፣ በቅደም ተከተል ነገራቸው። እነሱም በትሕትና አዳመጡት። ደባርቅ ሲወርዱ ወደ አንድ ሰፈር ሄዱ፤ ወደ አንድ መንገድ ታጠፉ፤ አንድ በር ላይ ሲቆሙ ነው ማን መሆናቸው የገባው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የማውቀው ሦስት ትልልቅ ሰዎች እንደሚያዩኝና መነሳት እንደማልችል ብቻ ነው። በአገራችን ሥርዓት ሽማግሌ ለልጅ ሲመጣ ይቆማል፤ አባት «ተቀመጡ» ሲል «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል። እኔ ከጭቃው ላይ ሆኜ ተቀመጡ አልኳቸው። አቶ ዳኘው ዙሪያውን ቃኝተው ወንበር ሲያጡ፣ እንደ ሥርዓቱ ቆመን እንነጋገራለን አሉ። እርስዎም ቢነሱ ደስ ይለን ነበር ሲሉ ጨመሩ። አልችልም አልኩ። ኩራት መሰላቸው።

አባ ወልደ ሥላሴ ቀረብ ብለው ደረቴ ላይ ያለውን ጽሕፈት በደከመ ዓይናቸው አንድ በአንድ ለቀሙት።

«ማ…ኅ…ሌት» አሉ። ቀና ብለው ወደ አቶ ዳኘው ዞሩ። «የመጣንላት ይቺ ናት?»

አቶ ዳኘው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሽ በላይ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እኔ አባቷ ነኝ ለማለት አፌን ስከፍት በሩ በኃይል ተበርግዶ ማኅሌት ገባች። ግማሽ ራሷ ተሠርቷል፤ ግማሹ ወደ ሰማይ ቆሟል። ከአጥር ማዶ ሆና ድምፁን ሰምታዋለች፤ መኪና ከክሪክ ላይ ሲወድቅ እንዴት እንደሚጮህ ታውቀዋለች፤ ሹሩባ ሠሪዋ እንዳትነሳ ፀጉሯን ይዛ ስላስቀረቻት ነው የዘገየችው።

ሽማግሌዎቹን ያየቻቸውም አልመሰለኝ። ተንበርክካ የእግሬን ጣቶች እንዳንቀሳቅስ ነገረችኝ። አንቀሳቀስኩ። ሌላውን እግር። አንቀሳቀስኩ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ከዚያ ተነስታ ሌላ ሰው ሆነች።

አቶ ዳኘውና ጋሽ በላይ ለካስ ጋቢያቸውን አደግድገው መኪናዋን በእጅ ሊያነሱ ከስር ገብተዋል።

«አባቶቼ፣ እጃችሁን አውጡልኝ» አለች። ድምፅዋን አላሳደገችም። «እንደገና ከተንሸራተተች እግሩ ላይ ነው የምትወርደው።»

ሁለቱም እጃቸውን አወጡ። ወንድሜ ሰው ሲያዝዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታዘዝ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እነዚያን ሁለት ታኮዎች አመጣች፤ ከኋላ ጎማዎቹ ስር በመዶሻ መታ መታ አድርጋ ወተፈቻቸው። የፈታሁትን ጎማ አንከባልላ መኪናው ሆድ ስር አጋድማ ገፋችው፤ ብትወድቅ እንኳ ጎማው ላይ እንድታርፍ ነው። የወደቀውን ክሪክ በብረት ስባ አወጣች። የመክተፊያውን ስንጣሪ አንስታ አየችው፤ እኔን አየችኝ። በምትኩ ወፍራም ሳንቃ አነጠፈች። ክሪኩን እኔ ካደረግኩበት አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጋ ከመኪናዋ አጥንት፣ ከሻንሲው ስር ተከለችና ቀስ እያለች አነሳች። አባ ወልደ ሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው በግዕዝ ይደግሙ ጀመር። ዲስኩ ከጭቃው ሲለቅ «አሁን» አለች፤ አቶ ዳኘውና ጋሽ በላይ በብብቴ ይዘው ጎተቱኝ። ሊጠይቋት የመጡትና ሊከለክላት የመጣው አንድ ላይ ሲጎትቱኝ ወጣሁ።

ጥሩወርቅ በሐበሻ ቀሚሷ አምራ ጋቢ ይዛ ደረሰች። ማኅሌት በፒንሳ ዚፑን ከፈተችልኝ። ከዚያ ድንገት መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«አባዬ፣ እግርህ ቢሆን ኖሮስ?» አለችኝ።

ያን ሁሉ ጊዜ ያፈርኩባት እጅ ናት ያወጣችኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ ከጎኗ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ሰው አዋቂ ናቸው፤ ዞር ብለው ስለ ዶሮው ማውራት ጀመሩ።

ቤት ገብተን ሱፌን ከለበስኩ በኋላ ፍርሃቴ ሌላ መልክ ያዘ። ይህን ያዩ ሰዎች ምን ይላሉ? ሰው ልጃችን ቢሮ ናት ሲል አላረምኩም። ለአቶ ዳኘው ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ አልፎ አልፎ ነው እንዲህ ብረት የምትነካው፣ ለጨዋታ ያህል ነው አልኳቸው። እሳቸው ረጋ ብለው ሰምተውኝ ሲያበቁ ታሪኩን ነገሩኝ። ባለፈው ክረምት መምህሩ የተሳፈረበት ሚኒባስ ሊማሊሞ ላይ ተበላሽቶ ከደባርቅ ጠጋኝ ተጠርቶ ነበር፤ የመጣችው ማኅሌት ናት። ሹፌሩ በክሪክ ብቻ ከቆመው መኪና ስር ተኝቶ ሲነካካ ስታገኘው በሁለት እግሩ ጎትታ አውጥታ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ ገሥጻዋለች። ልጁ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ተመልሶ ሦስት ቀን ያወራው ይህንኑ ነው።

«ሥራዋንስ እናውቃለን፤ በሥራዋ ምክንያት ነው የመጣነው» አሉ አቶ ዳኘው። «ያላወቅነው እርስዎ ማወቅዎን ነበር።»

ጉንጬ እንደ ምድጃ ጋለ። ወንድሜ ግን ከሥርዓት አይወጣም። በመንገድ ላይ የሆነውን ሁሉ እንዳልሆነ ቆጥሮ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌዎቹም ተነስተው ቆሙ፤ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። እኔም ዕቅዳችንን ካወጣው ሰው ጀምሮ ሁሉም በሚያውቀው ቃል፣ ዘመድ እናማክርና ሌላ ቀን ተመለሱ አልኳቸው። ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል ጥሩወርቅ ክርኔን ቆነጠጠችኝ። አቶ ዳኘው ግን ፊታቸውን ሳይለውጡ፣ ለዘመድ ምክር መቼም ጊዜ ያስፈልጋል ብለው ተቀመጡ። ምሳ ቀረበ። ሽንኩርቱ በደንብ አልተከተፈም፤ ሁላችንም ምክንያቱን ስለምናውቅ ማንም አልተናገረም።

ስንበላ ማኅሌት የለችም። የተመረቀችበትን ቱታ አጥባ ለማስጣት ጊዜ አልነበራትም፤ ጭቃውን አራግፋ ለብሳው፣ መኪናዋን በደልዳላው ላይ አውጥታ፣ ከስሯ ሁለት ወፍራም ግንድ አስደግፋ ሸራውን ስትቀይር ነበር። እናቷ በመስኮት አይታ ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ እንደገና ዘጋችው። ዐዋጁ ተሽሯል።

አስር ሰዓት ሲሆን ሚኒባስ ጠፋ፤ ገበያተኛው ሁሉ ይዞት ሄዷል። ማኅሌት እኔ አደርሳችኋለሁ አለች። መሪውን እሷ ያዘች፤ እኔ ከፊት፤ ጋሽ በላይ በሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል ከኋላ፤ ጉልበቱን መኪናው መሐል ዘርግቶ። የማኅሌት ሹሩባ ግማሹ እንደተሠራ፣ ግማሹ በነጠላ ታስሮ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያዘች። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ እንደ ዳንቴል ለስልሳ ዝግ አለች። ከኋላ አባ ወልደ ሥላሴ ትንፋሻቸውን ሲለቁ ሰማሁ፤ እስከዚያ ይዘውት ኖሯል።

ዳባት ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አቶ ዳኘው ከኋላ ሆነው ረጋ ባለ ድምፅ ጀመሩ። አንድ ነገር ማስተዋል እንደሚገባ ተናገሩ። ዛሬ ሂዱ ተብለን ከቤትዎ ወጥተናል፤ ይህ አንድ ምላሽ ነው። አሁን ደግሞ በመኪናዎ ውስጥ እንደገና ከፊትዎ ተቀምጠናል፤ ይህ ሁለተኛ መምጣት ነው። ሁለተኛውን እዚህ ቢመልሱንና አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ወርደን እንደገና ብንጠይቅ ሦስተኛው ይሆናል፤ በሥርዓቱ ላይ ምን ይጎድላል? አሉ። ጋሽ በላይ ይህ በየትም አገር ተደርጎ አያውቅም ብሎ ተቃወመ። አባ ወልደ ሥላሴ የተከለከለበትን ስፍራ ቢጠቅስላቸው እንደሚወዱ ገለጹ። ክርክሩ ጋለ።

እኔ ወደ ልጄ ዞርኩ። መንገዱን ነው የምታየው። ቀስ ብላ ዳር ያዘች፤ ሞተሩን አጠፋች፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበች።

«አባዬ» አለች፣ ሳትዞር። «አታመላልሳቸው። መንገዱ ሩቅ ነው።»

ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ብዙ ፋይል ዘግቻለሁ፤ እንደዚያ በደስታ የዘጋሁት ግን የለም። አፌን ከፍቼ «እሺ» አልኩ። ቃሏ ያን ቀን ክብደት ነበራት።

ቡራኬ ተቀምጦ አይሰጥም ተብሎ ወረድን። የገብስ ማሳ ጥግ፣ አስፋልቱ ዳር፣ አባ ወልደ ሥላሴ መስቀላቸውን አንስተው ባረኩን፤ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሹፌር የተበላሸብን መስሎት ቆሞ እርዳታ ያስፈልገን እንደሆነ ጠየቀ። ማኅሌት በእጇ ዓይኗን እየጠረገች ምንም አልሆንንም ብላ ሸኘችው፤ ግንባሯ ላይ የግሪስ መስመር ቀረ። አቶ ዳኘው ትከሻዬን ስመው «አባት» አሉኝ።

ጋሽ በላይ ብቻ ከመኪናው አልወረደም። ጉልበቱን እንደዘረጋ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ሦስት ጊዜ ነበር ያልነው» አለ።